ሦስተኛው ቤት

ፈሪ ነኝ። ይህን መጀመሪያ ልናገርና ይውጣልኝ። ከሥራ የተሰናበትኩ ቀን ወጣቱ ሥራ አስኪያጃችን ተነሥቶ «ማማ የሺ የምትፈራው ነገር የለም» ብሎ ሲያስጨበጭብ አፌን በሻሼ ሸፍኜ ሳቅሁ። ልጁ አያውቀኝም። ስልክ ሲጮህ እፈራለሁ፤ ስልክ ዝም ሲልም እፈራለሁ። ቦዳቦዳ፣ ያ የኪራይ ሞተር ሳይክል፣ ደጄ ላይ ሲቆምም እፈራለሁ። ሃያ ዓመት የሰው ቤት ሳንኳኳ የኖርኩት እየፈራሁ ነው፤ ጉልበቴ እምቢ ብሎኝ ቤቴ ከተቀመጥኩ ወዲህም ፍርሃቱ ጡረታ አልወጣም።

አሁን ሥራው ተለውጧል። አዲስ የተቀጠሩት ልጆች ታብሌት ይዘው ይሄዱና «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ስንት ቀን ከፍቶዎታል?» ብለው ይጠይቃሉ። ሰውየው «ደኅና ነኝ» ይላል፤ ነካ ያደርጉና ይወጣሉ። አልሰድባቸውም፣ ከእኔ ይልቅ የተማሩ ናቸው። ግን እዚህ ሞያሌ፣ በኬንያ በኩልም ይሁን በዚያኛው፣ ለማያውቀው ሰው «ከፍቶኛል» የሚል ማን አለ? ልጆቹ ይህን ቢጠይቁኝ እነግራቸው ነበር። አልጠየቁኝም፤ ስለዚህ ልጻፈው።

ማኅበራችን ሲጀመር ከአንድ ጨርቅ ሱቅ ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ነበረች። አልጋ የያዙ ሽማግሌዎችን ቤታቸው ድረስ ሄደን እናጥባለን፤ ጭንቀት የጸናበትን፣ አእምሮው የታወከበትን ሰው እንጠይቃለን፤ ሴት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትቀር ለምን እንደቀረች እናጣራለን። ደመወዝ አንዳንድ ወር ነበረ፣ አንዳንድ ወር ደግሞ የደመወዙ ወሬ ነበረ። እኔ በልጅነቴ ከእናቴ ጋር ከኢትዮጵያ ተሰድጄ የመጣሁ ነኝ፤ ያን ጊዜ የአገራችን ሰዎች በከፈቱት ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ እሠራ ነበር። እዚያ ምሳ የሚበሉ አንዲት የቦረና ሴት ነበሩ። በክሊኒክ አዋላጅነት አርጅተው ማኅበሩን ያቋቋሙት እሳቸው ናቸው። እዚህ እናት በበኩር ልጇ ስም ስለምትጠራ ማማ ጉዮ እንላቸዋለን፤ እኔን ግን በራሴ ስም ማማ የሺ ይሉኛል። አንድ ቀን ሳህኑን ሳነሣ እጄን ያዙና «አንቺ ወሬ ትሰሚያለሽ፣ ግን አታወሪም። እንዲህ ያለ ሰው ነው የምፈልገው» አሉኝ። ወሬ ሰሚ ተብዬ ሥራ የተቀጠርኩ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

የማማ ጉዮ አማርኛ ከነጋዴ የተለቀመ ነው፤ መሐሉ ላይ ስዋሂሊው ጣልቃ ይገባል። ከሁሉ የሚወዱት ቃል «ፖሌ ፖሌ» ነበር፤ ቀስ፣ ቀስ ማለታቸው ነው። እኔ ደግሞ ሲፈጥረኝ ቱግ ባይ ነኝ። መንገድ ላይ ቀድሜያቸው ስሮጥ የቀሚሴን ጫፍ ይይዙ ነበር።

ሥራው እንዲህ ነው። ከሰው ቤት ስንገባ ያልተለቀመ ባቄላ በጨርቅ ቋጥረን እንይዛለን። ማማ ጉዮ ቁጭ ይሉና ባቄላውን መልቀም ይጀምራሉ፤ የቤቱ ሰው ያፍርና እጁን ይሰድዳል። እጅ ሥራ ሲይዝ አፍ ይፈታል። ፊት ለፊት አይቀመጡም፣ ጎን ለጎን ነው፤ በር ላይም አይቀመጡም፣ የተጨነቀ ሰው መውጫው ከተዘጋበት ይብስበታል። «እንዴት ነሽ?» አይሉም። «ከዚህ ቤት ማን ቀድሞ ይነቃል?» ይላሉ። ያን ጊዜ እናትየው «ኧረ እሷማ መች ትተኛለች» ትላለች፤ የፈለጉትን አገኙ ማለት ነው። ወረቀት ይዘው አይገቡም። ቢሮ ተመልሰን ነው የምንጽፈው፣ ያውም ያለ ስም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የአራት ቤት ሕግ ነው። ወደ አንድ ሰፈር ስንሄድ አራት ቤት እንገባለን። መጀመሪያው ቤት ውኃ ጠይቀን ጠጥተን እንወጣለን። ሁለተኛው ቤት የወተት ዋጋ እናወራለን። የመጣንበት ሰው ያለው ሦስተኛው ቤት ነው። አራተኛው ቤት ግን ምንም ጉዳይ ሳይኖረን ከሁሉ አስበልጠን እንቆያለን፣ እንስቃለን፣ ደጅ ድረስ እንሸኛለን። የሰፈር ዓይን አራተኛው ላይ ይቀራል፣ ሦስተኛውን ይረሳዋል። አራተኛው ቤት ሁልጊዜ የተከበረ ሰው ቤት ይሆናል፤ ስም ያለው፣ ወሬ የማይነካው። መጀመሪያ ሰሞን ይህ ነገር ያናድደኝ ነበር፤ ታማሚው እየጠበቀን እኛ ወተት ስንደራደር። አንድ ቀን አላስቻለኝም፣ «ማማ ጉዮ፣ ይህ ሁሉ ድብብቆሽ ለምንድን ነው?» አልኳቸው። «በሽታው ይድናል» አሉኝ፤ «ስሙ ግን አይድንም።»

ጎዶማ የሚባል ሰፈር የተመደብኩ ጊዜ ያየሁትንም ልንገራችሁ። አንድ ወንድሙን ቤት ውስጥ በገመድ ያሠረ ሰው ነበር። እኔ ገና ገመዱን ሳይ ደሜ ፈላ፤ ልጮህበት አፌን ስከፍት ማማ ጉዮ ቀደሙኝና አሣሪውን «እጅህን አሳየኝ» አሉት። መዳፉ በገመድ ተልጦ ቆስሎ ነበር። ያን ቁስል አጠቡለት፣ ቅባት ቀቡት፣ ስለ ታሣሪው አንድም ቃል አልተናገሩም። ሰውየው እንደ ሕፃን አለቀሰ። በሦስተኛው ጉብኝት ገመዱን ራሱ ፈታው፤ ወንድሙንም ይዞ ሐኪም ቤት አብሮን ሄደ። ከእሳቸው ጋር ስሆን ፍርሃቴ መላ ያለው ይመስለኝ ነበር። እሳቸውም ይፈሩ ነበር፤ ከየቤቱ ስንወጣ መንገድ ዳር ቆመው እስኪረጋጉ ድረስ ክንዴን ይይዛሉ።

አሁን ወደ ቱሜ ልምጣ። ብቀር ደስ ባለኝ።

ሞያሌን ሁለት አገር ነው የሚካፈላት፤ ወዲያ ማዶ ሲተኮስ ወዲህ ልጆች አልጋ ሥር ይገባሉ። በአንድ የተኩስ ሰሞን የአሥራ አምስት ዓመቷ ቱሜ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦይ ውስጥ ተኝታ ዋለች። ሰውነቷ አልተነካም። ከዚያ ቀን ወዲያ ግን ከቤት አልወጣም አለች፤ የትምህርት ቤቱ ደወል ከሩቅ ሲሰማ ትንቀጠቀጣለች። ቤታቸው ኦዳ ነው፣ ከከተማው ወጣ ብሎ። አባቷ የፍየል ደላላ ነው፤ የበኩር ልጁ ባትሆንም እኛ በምናውቃት ልጁ ስም ባባ ቱሜ እንለዋለን። ልጅቷ በሒሳብ ክፍሉን የምትመራ፣ የስምንተኛ ክፍል ፈተና በዚያው ዓመት የሚጠብቃት ነበረች። ያን ፈተና ካለፈች ሁለተኛ ደረጃ ማኅበሩ ያስተምራታል፤ ከቀረች ግን እዚህ አገር፣ ቤት የዋለች ልጅ ምን እንደሚጠብቃት ሁላችንም እናውቃለን። ማማ ጉዮ «ይህችን አንቺ ያዣት» አሉኝ። ብቻዬን የያዝኳት የመጀመሪያዋ ልጅ እሷ ናት።

ወራት ፈጀ። መጀመሪያ እስከ ደጃፍ፣ ከዚያ እስከ አጥሩ፣ ከዚያ እስከ ሱቅ። ከዚያ ደወል በሚደወልበት ሰዓት ከትምህርት ቤቱ ራቅ ብለን ዛፍ ሥር ባቄላ እየለቀምን እንቀመጣለን። ደወሉ ሲጮህ እጄን ትጨምቀኛለች፤ ጥፍሯ ይገባል። በማግስቱ ጥቂት እርምጃ እንጠጋለን። አጥሩ ሥር የደረስን ቀን ደወሉ ጮኸ፤ ቱሜ ባቄላ መልቀሟን ሳታቋርጥ «ይህ ደወል የተሰነጠቀ ነው እንዴ?» አለችኝ። ለካ እስከዚያ ቀን ድምፁን ሰምታው አታውቅም፤ የምትሰማው ሌላ ነገር ነበር። በሳምንቱ ዩኒፎርሟን ለብሳ ገባች። እኔም ቤቴ ገብቼ ብቻዬን ጨፈርኩ።

ታዲያ በዚያው ሰሞን አንድ ነገር አለችኝ። እየሳቀች፣ እንደ ቀልድ፣ «ማማ የሺ፣ አንዳንዴ ተኝቼ ባልነቃ እላለሁ» አለች። ክው አልኩ። ለማማ ጉዮ ነገርኳቸው፤ ለእናቷ ነገርን፤ ከክሊኒኩ ነርስ ጋር አገናኘናት። ማማ ጉዮ «ሁለት ቀን ሳታያት አትዋይ» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የሚባል ነገር እኔም ጋ ጠፋ። ምግብ ስበላ ቱሜ፣ ልብስ ሳጥብ ቱሜ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላሉ፤ እኔ ደግሞ እንዳይደርስ ብዬ አብዝቼ እፈራለሁ።

አንድ ሐሙስ ከናይሮቢ የመጡ ለጋሾች ቢሮ ነበሩ። ለሁላችንም ቢጫ ሰደርያ አመጡልን። ጀርባው ላይ በትልቁ በስዋሂሊ «የአእምሮ ጤና» የሚል ተጽፎበታል፤ ለብሰን ፎቶ ተነሣን። ገና ፎቶው ሳያልቅ ስልኬ ጮኸ። የቱሜ አስተማሪ ነው። «ቱሜ ዛሬ አልመጣችም፤ ትናንትም አልነበረችም» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ነፍሴን አላውቅም። እኔ ደግሞ በፎቶና በእንግዳ ግርግር ሁለት ቀን አላየኋትም። መንገድ ወጥቼ ያገኘሁት ቦዳቦዳ ላይ ተንጠለጠልኩ። «ወደ ኦዳ፣ ፍጠን፣ ሰው እየሞተብኝ ነው» አልኩት። መንገዱን ሁሉ ጸለይኩ፤ ጸሎትም አይባልም፣ ልመና ነው። የቱሜ አጥር ጋ ሞተሩ ሳይቆም ዘልዬ ወርጄ በስሟ ተጣራሁ። «ቱሜ፣ ቱሜ» እያልኩ፣ ሰፈር እስኪሰማ።

ቱሜ ከጓሮ ብቅ አለች። እጇ አረፋ በአረፋ ነው። «ምን ሆነሻል ማማ የሺ?» አለችኝ፣ እሷ ለእኔ ደንግጣ።

«አንቺ ምን ሆነሽ ነው ትምህርት ቤት የቀረሽው?»

ጠጋ አለችና በጆሮዬ ነገረችኝ። የወር አበባዋ መጥቶ፣ ከማኅበሩ የምንሰጣት ንጽሕና መጠበቂያ አልቆባት፣ ዩኒፎርሟ ተበላሽቶ እያጠበች ነው። በቃ፣ ይኸው ነው። መጠበቂያው ቢሮ ቁም ሣጥን ውስጥ በካርቶን ነበር፤ ማድረስ የነበረብኝ እኔ ነኝ። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከደስታ ነው። ልጄ በሕይወት አለች።

ቀና ስል የጎረቤት ሴቶች በአጥሩ ላይ ተሰልፈዋል። ባለ ሞተሩ ደግሞ «ሰው እየሞተ ነው ብላኝ እኮ ነው» እያለ ያስረዳቸዋል። ሴቶቹ ቱሜን አላዩም፣ ፊቴንም አላዩም። ጀርባዬን ያነቡ ነበር። ያን ጊዜ ነው ሰደርያውን እንዳላወለቅሁ ያወቅሁት።

ቢሮ ስመለስ ማማ ጉዮ ባቄላ እየለቀሙ ነበር። የሆነውን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነገርኳቸው። አልተቆጡም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«የሺ፣ ስንት ቤት ገባሽ?»

«አንድ» አልኩ።

እጃቸው ባቄላው ላይ ቆመ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ያፈሰስኩት ቢለቀም ኖሮ ምን ነበረበት።

ሳምንት አልሞላውም። ገበያ ውስጥ የደላላው ልጅ ቱሜ አብዳለች፣ የእብዶቹ ቢሮ ሞተር ይዞ ሊወስዳት መጥቶ ነበር ተባለ። ታላቅ እህቷን ለልጃቸው ለማጨት ሽማግሌ የላኩ ሰዎች ድምፃቸውን አጠፉ። በዚህ መሐል ከድንበሩ ማዶ፣ ወሬው ካልደረሰበት አገር፣ ቱሜን የሚፈልግ ሰው ተገኘ። እኔና ማማ ጉዮ ኦዳ ሄድን፤ ያን ቀንም አራት ቤት ገባን፣ ለማን እንደሆነ እንጃ። ባባ ቱሜ አልጮኸም። ቢጮህ በተሻለኝ።

«ልጄን አድናችኋል» አለኝ። «አውቃለሁ፣ ዓይኔ አይቷል። ከዚያ ግን በሞተር መጥተሽ ስሟን ጮኽሽ። እኔ ሦስት ሴት ልጆች አሉኝ። ነገ እኔ ስሞት እነዚህን ልጆች ማን አግብቶ ቤቱ ያስገባቸዋል፣ አንቺ ነሽ?»

«ባባ ቱሜ፣ ልጅቷ አላበደችም» አልኩ።

«እኔ አውቃለሁ። ለሰፈሩ ንገሪ።»

«ፈተናው ሁለት ወር ነው የቀረው።»

«ሰውየው አሁን እሺ ብሏል። ሁለት ወር ቆይቶ ወሬውን ይሰማል» አለ። ልክ ነበር፣ ያ ነው የሚያቃጥለኝ። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ እንደ እኔው ፈርቶ ነበር። ቱሜ ከግድግዳው ጀርባ ሆና ስትሰማ ጥላዋ በበሩ ሥር ይታየኝ ነበር፤ ሳትነቃነቅ ቆማለች።

ስንወጣ መንገድ ዳር ቆምን። እኔ ቀጥታ ወደ ቺፉ፣ ወደ አስተዳዳሪው እንሂድ አልኩ፤ ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅ መዳር በሕግ ክልክል ነው። ማማ ጉዮ ግን ቀሚሴን ያዙ። «ቺፉን ከጠራን ዛሬውኑ ያሻግሯታል። ሦስት ቀን ስጪኝ፣ በሽማግሌ ልግባ። ፖሌ ፖሌ።» አንድ ጊዜ ቸኩዬ አጥፍቻለሁ፤ እንደገና እቸኩላለሁ? እሺ አልኩ። በሕይወቴ ታዝዤ አላውቅም፣ ያን ቀን ታዘዝኩ።

በሁለተኛው ቀን፣ የገበያ ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ ቱሜን አሻገሯት። ዕቃ ከተሸከሙ ሴቶች ጋር ተከናንባ በእግሯ ሄደች አሉ። ቺፉ ጋ ሮጥን። አባቷን አስጠራው፤ አባትየው «አክስቷን ልትጠይቅ ሄዳለች» አለ። የቺፉ ሥልጣን እዚያች የድንበር መስመር ላይ ያልቃል። እኔ ግን ማሻገሪያው አጠገብ ቆምኩ፤ ያን ቀንም፣ በማግስቱም፣ ቀኑን ሙሉ። የተከናነበች ሴት ባለፈች ቁጥር ዓይኗን አያለሁ። አንዳንዷ ትቆጣኛለች፣ አንዳንዷ የለማኝ ሳንቲም ልትሰጠኝ እጇን ጉያዋ ትከታለች። በር አንድ ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ እቆም ነበር፤ ቁጥቋጦው ውስጥ ግን የእግር መንገዱ ብዛት አያልቅም።

ከዚያ ወዲያ ባለው ጊዜ ሥራም ነበረ፣ ሌሎች ልጆችም ነበሩ። ኦቦ የሚባል ሩቅ መንደር ድረስ በዚያ በተበላሸ መንገድ ተመላልሻለሁ፤ ፈተና ያለፉልኝ ልጆች አሉ፣ አንዷ ዛሬ ነርስ ናት። ስልክ በጮኸ ቁጥር ግን ከማዶ የመጣ መርዶ ይመስለኝ ነበር። ተኝቼ ባልነቃ ያለች ልጅ፣ ደወል ስትሰማ እጅ የሚይዝላት በሌለበት አገር። ማማ ጉዮ አርጅተው አልጋ ላይ ከዋሉ በኋላ በገባሁ ቁጥር «ወሬ አለ?» ይሉኛል፤ ስለ ማን እንደሆነ አንናገርም። «የለም» እላለሁ። አንድ ቀን «ሦስት ቀን ያልኩት እኔ ነኝ፤ አንቺ ብቻ አትሸከሚው» አሉኝ። ምንም ሳይሰሙ ዐረፉ።

ጡረታ ልወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ አንዲት ሴት ቢሮ ገባች። የአሥር ዓመት ገደማ ልጅ ይዛለች። ልጅቷን ደጅ አስቀምጣ፣ በሩን ዘግታ፣ መከናነቢያዋን ገለጠች። አሥራ ሁለት ዓመት አልፎ እንኳ በዓይኗ አወቅኋት።

«ባሌ ንግዱን ወደዚህ አዙሮ ሞያሌ ገብተናል» አለች ቱሜ። «ልጄን አስመዝግቡልኝ። በሒሳብ ጎበዝ ናት። ክፍያውን ማኅበሩ ይርዳኝ፤ ሲያስፈልግ እኔ እዚህ እመጣለሁ።»

«ቱሜ» አልኳት፣ «ያን ቀን እኔ...»

«ዩኒፎርሜን ያጠብኩ ቀን» አለች። ድምፅዋ አልተለወጠም። «ፈርተሽልኝ ነው። እዚያ ማዶ ሆኜ ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ፤ እንደዚያ የፈራልኝ ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የለም። ቤቴ ግን እንዳትመጪ።»

«እሺ» አልኩ።

«አራት ቤት ገብተሽም ቢሆን አትምጪ። ልጄን መንገድ ላይ ብታገኚያት አታናግሪያት።»

«እሺ፣ የኔ ልጅ።» ቅጹን ሞላሁ። ሁለት ጊዜ አበላሸሁት፤ በሦስተኛው ወረቀት ተጻፈ። ስትወጣ ለአፍታ ትከሻዬን ነካችኝ፣ ከዚያ ተከናነበች።

ልጅቷ አሁን አምስተኛ ክፍል ናት። የትምህርት ቤቱ መንገድ በእኔ ደጅ ነው የሚያልፈው። ሰፈሩ ዛሬም የእብዶቹ ሴትዮ ይለኛል፤ ብስማት፣ ስሟን ብጠራ፣ «የማን ልጅ ናት? በምን ታውቃታለች?» ይባላል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት የቆርቆሮ በሬን ዘግቼ በስንጥቁ አያለሁ። የቀረች ቀን ውሎዬ ውሎ አይደለም፤ ታመመች እላለሁ፣ ተሻገረች እላለሁ፣ ደግሞ ራሴን ዩኒፎርሟን እያጠበች ነው እላለሁ፣ ሮጬም አልሄድም።

ትናንት ልክ ከበሬ ፊት ቆመች። የጫማዋ ማሰሪያ ተፈትቶ ነው። ጎንበስ ብላ ስታስር የፀጉሯ ሥር፣ አንገቷ፣ የቦርሳዋ ዚፕ ሁሉ ይታየኛል። በመሐላችን ቆርቆሮው ብቻ ነው። እጄ መወርወሪያው ላይ ነበር። አስራ እስክትጨርስና እስክትሄድ ድረስ ትንፋሼን ይዤ ቆምኩ፤ አልከፈትኩም።